ውፍረት፦ የድሎት ምልክት ወይስ ሕመም?

(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ከሁሉ አስቀድመን የማኅበራችንን 10ኛ ዓመት በዚህ መልክ ለማክበር በመብቃታችን የተሰማንን ደስታ እንገልጻለን። ማኅበሩን ከጥቂት ቤተሰብ አንሥተው ለዛሬው ደረጃ ላደረሱት፣ ከሥራ ሰዓታቸውና ከኪሳቸው ሳይሰስቱ ለለገሱት ሁሉ ምስጋናችን ከፍ ያለ ነው።

የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ከአባላት መካከል ስለ ጤና የሚናገር ይፈለጋል» ሲል እጃችንን ያወጣነው እኛ ታክሲ ነጂዎች ነን። «ስለ ጤና ሐኪም እንጂ ታክሲ ነጂ ምን ይላል?» የምትሉ አትጠፉም። እውነታችሁን ነው፤ ሐኪሞች አይደለንም። ዩኒቨርሲቲ ገብተን ሥነ ሕይወት መማር ጀምረን ሳንጨርስ ለስደት የተዳረግን፣ አሁን ዕድሜያችን ከአርባ የዘለለ፣ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት መሪ ጨብጠን የምንውል ሰዎች ነን። ሆኖም የምናነሣው ጉዳይ ውሎ አዳሩን ወንበር ላይ ባደረገው በእኛ ላይ በይበልጥ የደረሰ ስለሆነ፣ ያየነውንና መንገደኛ ስንጠብቅ ያነበብነውን ብናካፍላችሁ ይጠቅማል ብለን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ እናስታውቃለን።

ነገሩን ከአንድ ወንድማችን እንጀምር። ስሙን አንጠራም፤ ታሪኩን እንድንናገር ግን ራሱ ፈቅዶልናል። በ2023 የጥር ወር አንድ ሌሊት፣ በአውሮፕላን ማረፊያው የታክሲ ወረፋ ላይ ቆመን ሳለ ተራው ደረሰ። የፊቱ መኪና ሄደ፤ የእሱ ግን አልተንቀሳቀሰም። ከኋላው የነበርነው ክላክስ አደረግን። እንቅልፍ የወሰደው መስሎን የተሳደብንም ነበርን። መስኮቱን ስናንኳኳ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ በዚያ ብርድ ላብ አጥልቆት አገኘነው። አምቡላንስ ጠርተን ሆስፒታል ደረሰ። የልብ ሕመም ነበር። ዕድሜው 46 ነው። ሚስቱ የሚያስፈልጉትን ነገሮች ከመኪናው እንድናመጣላት ስትልከን፣ ከጓንት ማስቀመጫው ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለ የስኳርና የደም ብዛት መድኃኒት አገኘን። ከሁለት ዓመት በፊት ሐኪሙ «ክብደትህ ልብህን እየጎዳው ነው» ብሎት ኖሯል። ለአንዳችንም አልተናገረም።

ለምን እንዳልተናገረ ኋላ ጠየቅነው። «ምን ብዬ ልንገራችሁ? ባየኋችሁ ቁጥር አምሮብሃል፣ አሜሪካ ተስማምቶሃል ትሉኛላችሁ፤ ጥቂት ቆይታችሁ ደግሞ ሆዴን እየነካችሁ ስንተኛ ወርህ ነው ብላችሁ ትስቃላችሁ» አለን። ይህን ከሰማን ወዲህ ነው ጉዳዩን በቁም ነገር ማንበብ የጀመርነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን ውፍረት የድሎት ምልክት ነው። ረኀብ ባየ ሕዝብ መካከል ሥጋ የለበሰ ሰው መመኘት የሚያስነውር አይደለም። ለእረፍት አገር ቤት ስንገባ እናቶቻችን በመጀመሪያ የሚያዩት ጉንጫችንን ነው፤ ከከሳን «ምን ነካህ?» ብለው ያለቅሳሉ። በተሰደድንበት አገር ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። እዚህ ወፍራም ሰው ሰነፍና ሆዳም ተደርጎ ይታያል። ሁለቱም አመለካከት ሰውዬውን አይረዳውም። አንዱ በሽታውን ሲያሞግስለት ሌላው በሽተኛውን ያዋርደዋል። የሁለቱም ውጤት ያው መደበቅ ነው።

የችግሩን ስፋት ለመረዳት ሁለት አኃዞች እንጥቀስ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገለጸው በ2022 በዓለም ላይ ከስምንት ሰዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለበት ነበር። እኛ በምንኖርበት በአሜሪካ ደግሞ ከ2021 እስከ 2023 በተደረገው አገር አቀፍ ምርመራ ከመቶ አዋቂዎች 40 ያህሉ በዚሁ ደረጃ ላይ ተገኝተዋል። ይህን ያህል ሕዝብ በአንድ ዘመን በድንገት ሰነፈ ማለት አይቻልም። ሌላ ምክንያት መኖር አለበት።

ምክንያቱን ለማወቅ ከተደረጉት ጥናቶች ሁሉ ለእኛ ለነጂዎች ቅርብ የሆነው በለንደን የተደረገው ነው። ጄሪ ሞሪስ የተባሉ ሐኪም ባለ ፎቅ በሆኑት የለንደን አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩ ሰዎችን አጠኑ። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይውላል፤ ትኬት ቆራጩ ደግሞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ በአንድ አውቶቡስ፣ ለአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ናቸው። በ1953 ይፋ በሆነው ውጤት መሠረት የልብ ሕመም በሾፌሮቹ ላይ ከትኬት ቆራጮቹ ይልቅ በዝቶ ተገኘ። በ1956 ደግሞ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው የሠራተኞቹን የደንብ ልብስ ልክ መረመሩ፤ በየዕድሜው የሾፌሮቹ ሱሪ ወገብ ከትኬት ቆራጮቹ ሰፍቶ ተገኘ። ወንድማችን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከመውደቁ ከ65 ዓመታት በላይ አስቀድሞ ሱሪው ምልክቱን ተናግሮ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ መንስኤው መቀመጥ ብቻ ነውን? አይደለም። ምግቡም አለበት። ብዙዎቻችን በየቀኑ መንገደኛ በምናደርስበት በቤተዝዳ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የጤና ምርምር ተቋም 20 ሰዎችን ለአንድ ወር አስተኝቶ መግቧቸዋል። ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ ተቀነባብሮ የታሸገ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ ያልተቀነባበረ ምግብ ቀረበላቸው። የቀረበው ካሎሪ፣ ስኳር፣ ስብና ጨው ተመጣጣኝ ሲሆን፣ «እስክትጠግቡ ብሉ» ተባሉ። በ2019 እንደተገለጸው የፋብሪካውን ምግብ ሲበሉ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ጨምረው በሉ፤ በሁለት ሳምንትም ሁለት ፓውንድ ያህል ጨመሩ። በሌላው ምግብ ጊዜ ያንኑ ያህል ቀነሱ። ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ሳህኑ ነው። እኛ በነዳጅ ማደያው ሱቅ በቆመንበት የምንገዛው ዶናትና ቺፕስ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። በተረፈ አንዱ ባለ 12 አውንስ የኮካ ኮላ ቆርቆሮ 39 ግራም ስኳር እንደያዘ በጀርባው ላይ ተጽፏል፤ ይህም ከዘጠኝ የሻይ ማንኪያ በላይ ነው። ሻይ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ብናይ ምን እንል ነበር?

እንቅልፍም አለበት። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ጤናማ ወጣቶች ሁለት ሌሊት አራት አራት ሰዓት ብቻ እንዲተኙ ሲደረግ፣ የጥጋብ ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን የተባለው ሆርሞን ቀነሰ፤ የረኀብ ምልክት የሚሰጠው ግሬሊን ጨመረ። ይህ በ2004 የወጣ ነው። በ2022 ደግሞ በዚያው ዩኒቨርሲቲ እንቅልፍ ያጠራቸው 80 ሰዎች ከአንድ ሰዓት በላይ እንዲጨምሩ ቢደረግ፣ ማንም «አትብሉ» ሳይላቸው በቀን 270 ካሎሪ ያህል ቀንሰው ተገኙ። እንግዲህ ሌሊት ነድተን፣ ልጆች ትምህርት ቤት አድርሰን፣ ሦስት አራት ሰዓት አሸልበን ተመልሰን የምንወጣው ሰዎች ረኀባችን ሁሉ የሆዳምነት አለመሆኑን ልብ በሉልን።

የዘር ውርስም አለበት። በካናዳ በኩቤክ 12 ጥንድ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ለ84 ቀናት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ትርፍ ተመገቡ። በ1990 የተገለጸው ውጤት እንደሚያሳየው አንዱ 4 ኪሎ ያህል ሲጨምር ሌላው ከ13 ኪሎ በላይ ጨመረ፤ መንትዮቹ ግን እርስ በርስ የሚቀራረብ ጭማሪ አሳዩ። አንድ ገበታ ቀርበን እኩል በልተን እኩል የማንወፍረው ለዚህ ነው። በ1994 ደግሞ ጄፍሪ ፍሪድማን የተባሉ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በኒው ዮርክ ሌፕቲን የሚሠራበትን የዘር ቅንጣት አገኙ። ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ሥጋ ሳይሆን፣ ለአንጎል መልእክት የሚልክ የአካል ክፍል መሆኑ ያን ጊዜ ታወቀ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርነው አንድ ነገር ለማለት ነው። ሥራው፣ ምግቡ፣ እንቅልፉ፣ የዘር ውርሱና አካባቢው ተያይዘው እንጂ አንዱ ለብቻው ሰውን አያወፍረውም። ስለሆነም አንድ ሐኪም ወይም አንድ ላቦራቶሪ ለብቻው መልሱን አያገኝም። ይህን የተገነዘበው በቤተዝዳ ያለው ተቋም በ2003 ስለ ውፍረት የሚመራመሩ ክፍሎቹን የሚያገናኝ ግብረ ኃይል አቋቁሞ፣ በ2004 የጋራ የምርምር ዕቅድ አወጣ። የሆርሞን፣ የልብ፣ የሕፃናት፣ የጠባይና የአካባቢ ተመራማሪዎች በአንድ ጉዳይ ላይ እንዲሠሩ ማለት ነው። እኛ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ነው።

በዚህ ዓይነት ትብብር ከተገኙት ውጤቶች ትልቁ ለመከላከል የሚጠቅመው ነው። በ27 ማዕከላት፣ ወደ ስኳር በሽታ በመቃረብ ላይ የነበሩ 3,234 ሰዎች የተሳተፉበትና መረጃው በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰበ ጥናት በ2002 ውጤቱ ወጣ። ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ በአሠልጣኝ የተረዱት ሰዎች፣ በስኳር በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከመቶ 58 ያህል ቀነሰ። ሜትፎርሚን የተባለውን ክኒን የወሰዱት ግን ከመቶ 31 ቀነሰላቸው። ልብ በሉ፤ 200 ፓውንድ የሚመዝን ሰው የተጠየቀው 14 ፓውንድ ነው እንጂ እንደ ሃያ ዓመት ወጣት እንዲቀጥን አይደለም። 150 ደቂቃም በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ ነው። ይህንኑ ትምህርት የሚሰጡ ፕሮግራሞች በየአካባቢው አሉ፤ ለስኳር ለተቃረቡ አረጋውያን ከ2018 ጀምሮ ሜዲኬር ይሸፍናል።

ስለ እኛ ስለ ኢትዮጵያውያን አንድ ልዩ ማስጠንቀቂያ አለ። «እኔ እንደ ፈረንጆቹ አልወፈርኩም፤ ሆዴ ብቻ ነው» የሚል ወገን ብዙ ነው። አደጋው ግን እዚያው ሆድ ላይ ነው። ወደ እስራኤል በገቡ ወጣት ኢትዮጵያውያን መካከል የስኳር በሽታ በዝቶ መገኘቱን ተመራማሪዎች በ1988 አሳውቀዋል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪም በ2022 ለእስያ፣ ለመካከለኛው ምሥራቅና ለጥቁር አፍሪካ ተወላጆች አደጋው በአነስተኛ ክብደት ስለሚጀምር መለኪያው ዝቅ እንዲል መክሯል። ያው መመሪያ ለማንም ሰው የሚሆን ቀላል መለኪያ ሰጥቷል፦ የወገብህ ዙሪያ ከቁመትህ ግማሽ በታች ይሁን። ይህን ካነበብን በኋላ አንዱ ወንድማችን የልብስ ሰፊ ሜትር ይዞ መጥቶ፣ አውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ ላይ ተሰልፈን ተለካን። መጀመሪያ በሳቅ ነበር። ከግማሽ በታች የሆኑት በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ መሆናቸውን ስናይ ሳቁ ቆመ። ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስድስታችን ሐኪም ዘንድ ሄደናል፤ ሁለቱ ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት ያን ጊዜ ነው።

ሕክምናውን በተመለከተ ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚገባን፣ ሰውነት የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ የሚታገል መሆኑን ነው። በቴሌቪዥን የክብደት ቅነሳ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረመሩ፣ አብዛኞቹ ብዙውን መልሰውታል፤ ሰውነታቸውም በእረፍት ላይ ሳለ ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል ያነሰ ሲያቃጥል ተገኘ። ይህ በ2016 የወጣ ነው። እንግዲህ ጾመን፣ ቀንሰን፣ ተመልሶ ሲመጣ «ወኔ የለኝም» ብለን ራሳችንን መርገም አይገባንም። የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበርም በ2013 ከመጠን ያለፈ ውፍረትን በሽታ ብሎ ተቀብሏል። በሽታ ከሆነ ደግሞ ክትትል ይፈልጋል።

በመድኃኒት በኩል በቅርብ ዓመታት የታየው ለውጥ ከፍተኛ ነው። አመጣጡም የትብብር ምርምር ፍሬ ነው። በኒው ዮርክ ይሠሩ የነበሩ ጆን ኢንግ የተባሉ ሐኪም በ1992 ከአንድ የበረሃ እንሽላሊት መርዝ ውስጥ፣ ከምግብ በኋላ አንጀታችን ከሚያመነጨው ሆርሞን ጋር የሚመሳሰል ነገር አገኙ። ከዚያ የተገኘው መድኃኒት በ2005 ለስኳር በሽታ ተፈቀደ። የዚያው ወገን የሆነው ሴማግሉታይድ በ2021 ለክብደት ቅነሳ ተፈቀደ፤ በዋናው ሙከራ 1,961 ሰዎች ተካፍለው፣ መድኃኒቱን የወሰዱት በ68 ሳምንት በአማካይ ከክብደታቸው ከመቶ 15 ያህል ቀንሰዋል። ሲያቆሙት ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ሁለት ሦስተኛውን መልሰዋል። ማቅለሽለሽና ማስታወክም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ በሐኪም ትእዛዝና ክትትል የሚወሰድ እንጂ፣ ከጓደኛ የሚዋሱት ወይም በሻንጣ የሚያስመጡት ነገር አይደለም። ውፍረታቸው በጣም ለበዛና ሌላ ሕመም ለተደረበባቸው የጨጓራ ቀዶ ሕክምናም አለ። የትኛው ለማን እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ከበሽተኛው ጋር ተመካክሮ ነው።

ክቡራንና ክቡራት፣

ተመራማሪዎቹ ተባብረው እንዲህ ከሠሩ እኛስ? ማኅበራችን ባለፉት አሥር ዓመታት ሰው ሲሞት ሬሳ አገር ቤት ለማድረስ ተባብሯል። ገንዘብ አዋጥተናል፤ አልቅሰናል፤ ንፍሮ ቀቅለናል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ለቀብር የምንተባበረውን ያህል ሰው በሕይወት ሳለ ብንተባበር ምን ነበረበት? ስለዚህ ለሁለተኛው አሥር ዓመት የሚከተለውን እናሳስባለን።

1ኛ፦ በመካከላችን ነርሶችና ፋርማሲስቶች አሉ። በሦስት ወር አንድ ጊዜ በዚሁ አዳራሽ የደም ግፊት፣ የስኳርና የወገብ ልኬት ይደረግ። እኛ ነጂዎች መኪና የሌላቸውን አረጋውያን ከቤታቸው አምጥተን በነጻ ለመመለስ ቃል እንገባለን።

2ኛ፦ በየበዓላችንና በየስብሰባችን በመጀመሪያ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ውኃ ይሁን። ለስላሳ የፈለገ ሄዶ ያምጣ። እንጀራችንን፣ ምስራችንን፣ ጎመናችንን አንጠላም፤ ዘይቱን ግን እናቶች በእጃችሁ ለካ አድርጉት፤ «ብላልኝ በሞቴ» የሚለውንም ከሁለተኛው ጉርሻ በኋላ ተዉልን።

3ኛ፦ እኛ ነጂዎች ወረፋ ስንጠብቅ መኪና ውስጥ ተቀምጠን ከመጨቃጨቅ፣ ሁለት ሁለት እየሆንን መራመድ ጀምረናል። ቢሮ የምትሠሩም፣ ጋራዥ የምትጠብቁም፣ ሕፃናት የምትንከባከቡም እኅቶች በየአላችሁበት ጓደኛ ያዙ። ብቻውን የሚራመድ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ይተወዋል።

4ኛ፦ ቋንቋ የሚያስቸግረው ወገን ሐኪም ዘንድ ሲሄድ የሚያስተረጉምለት ሰው ማኅበሩ ይመድብ። ብዙ ሰው የሚቀረው ሕመሙን በእንግሊዝኛ መናገር አፍሮ ነው።

5ኛውና የመጨረሻው ገንዘብ አያስወጣም። ሰላምታችንን እንለውጥ። ሰውን ስናገኝ ስለ ሆዱም ስለ ጉንጩም አናንሣ። «እንደምን ከረምክ? እንቅልፍ አለህ? ሐኪም አይተሃል?» እንበል። ሕመሙን የነገረንን ደግሞ አንሳቅበት፤ ለሌላ አናውራበት።

ያ ወንድማችን ዛሬ እዚህ ከእኛ ጋር ተቀምጧል። ቀን ብቻ ነው የሚነዳው፤ ከእኛ ጋር ይራመዳል፤ መድኃኒቱንም ጓንት ማስቀመጫ ውስጥ መደበቁን ትቶ ከቡናው ጋር በፊታችን ይውጣል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን እንዲደብቅ ያደረግነው እኛ እንደሆንን እንዳንዘነጋው ያስፈልጋል። በዚያ ሌሊት ክላክስ ያደረግንበትን ወንድማችንን፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ይቅርታ እንጠይቀዋለን።

ማኅበራችን 20ኛ ዓመቱን ሲያከብር ዛሬ በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው ሁሉ በጤና እንድንገናኝ ምኞታችን ነው።